አንድ ብር ከስሙኒ

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው ብዬ ነው የምደነግጠው። ሳላነሳው ልቤ ሄዷል።

«እታለሜ፣ ተኝተሻል?»

«ምን ሆነህ ነው? እሷ ደህና ናት?» ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ደህና ናት። ተኝታለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነው።»

ከዚያ ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቶ «በቃ ተኚ» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን አልተኛሁም። በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ እናቷ ዘንድ ነበረች። ከስቷል። ኩሽና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ እስካፈላ ጠበቀኝ። ብርጭቆውን ሳቀብለው ቀና ሳይል፣ ዝናቡ አባራ አይደል እንደሚል ሰው ባለ ድምፅ፣ «እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ሰው «ምን ማለትህ ነው፣ ተው እንጂ!» ነው የሚለው። እኔም እሱን ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ያን ቀን ኩሽና ውስጥ ከአፌ ሲወጣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ወንድም ልግዛልሽ

1992 ዓ.ም.፣ ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን። ሰባት ዓመቴ ነው፣ አንደኛ ክፍል ነኝ። የኅዳርን ብርድ እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። የሰፈሬ ልጆች ሁሉ የሚጣሉት ወንድም ወይም እህት አላቸው። እኔ ብቻዬን ነኝ። እና እማዬን ሌት ተቀን ወንድም ግዢልኝ እላታለሁ። ልጅ ከሆስፒታል እንደሚገዛ የነገረችኝ ራሷ ናት። በዚያን ጊዜ ሁላችንም የተገዛን ነበርን።

«ውድ ነው እኮ» ትለኛለች።

«እኔም አዋጣለሁ።»

አዋጣሁም። ሦስት ስሙኒና አንድ ሽልንግ ነበረኝ፤ በየበዓሉ ዘመድ የሰጠኝ፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ የማስቀምጠው። አንድ ብር ከስሙኒ። አንድ ማታ እማዬ እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ እጇ ላይ አፈሰስኩላት። አልሳቀችብኝም። አንድ በአንድ ቆጠረችው። የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ሳንቲሞቹን መሃሉ ላይ አስቀመጠች፣ ጠቀለለች፣ ቋጠረች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ስባ አጠበቀችው። «አሁን ሞላልን» አለችኝ። ዛሬ የእማዬን ፊት ለማስታወስ ስሞክር ፎቶዋ አይደለም የሚመጣልኝ። የሚመጣልኝ ይሄ ነው፤ በእሳት ብርሃን የነጠላ ጫፍ በጥርሷ የያዘች ሴት።

የገንፎው እህል ተፈጭቶ በኒዶ ጣሳ ተቀምጧል። ቅቤው ተነጥሯል። እኔ ሰው ሳያየኝ ጣሳውን እየከፈትኩ አሸተዋለሁ፤ ወንድሜ ሲገዛ የሚበላው ገንፎ ነው። አንድ ሌሊት የሴቶች ድምፅ ቀሰቀሰኝ። «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። አንድ ሰው ከነብርድ ልብሴ አቅፎ በጨለማው ይዞኝ ወጣ። ሲነጋ ራሴን ጎረቤት ቤት አገኘሁት፤ እኛ ልጆች እማማ የምንላቸው ሴት ዘንድ። «እናትሽ ወንድምሽን ልትገዛ ሄዳለች። እስክትመጣ እኔ ጋ ነሽ» አሉኝ።

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳል ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ጉዳቱ ትንሽ የሆነ ሰው ብዙ ከተጎዳው ጋር እኩል ሲያማርር ነው። በሰማሁት ቁጥር ግን ያቺ ልጅ ትታየኛለች። ለእሷ እነዚያ ሁለት ልጆች አንድ ነበሩ። እናቷ ሞታለች፤ እናቷ ገበያ ሄዳለች። ማታ በመስኮት መንገዱን የምታየው የገበያ ሰው ለመጠበቅ ነው።

አረፈች

በነጋታው ማለዳ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። እማማ አልጋ ውስጥ ነኝ። ጡሩንባ ነፊው የአባዬን ስም ከነአባቱ ጠርቶ «ባለቤታቸው ስላረፉባቸው፣ ቀብራቸው ዛሬ በስምንት ሰዓት ሥላሴ» አለ። እማማ ጆሮዬን ሊሸፍኑ እጃቸውን ሰደዱ። ቃሉ ግን ቀድሟቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ደግሞ የሚገባ የሚወጣው ሰው በር ላይ ያንኑ ይላል። «አረፈች አይደል? ምስኪን፣ አረፈች።»

ማረፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርት ቤታችን ዕረፍት የሚባለው ደወል ተደውሎ ሜዳ የምንወጣበት ሰዓት ነው፤ ደወሉ ደግሞ ሲደወል ሁሉም ይመለሳል። አረፈች ማለት ደክሟት ነበር፣ ተቀመጠች ማለት ነው። ሁለተኛው ደወል እስኪደወል ጠበቅኩ።

ከአጥሩ ባሻገር ያለውን ግን እሰማው ነበር። የድንኳኑ ጫፍ ይታየኛል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። የሙሾው ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ እማማ ቡና ሊያቀርቡ ሲጣደፉ በአጥሩ ሥር ሾልኬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

አባዬ ፀጉሩን ተላጭቶ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ አላወቅኩትም። አንዲት ሴት ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። «ልጅቷ! ልጅቷን አውጧት!» ያ ሁሉ ሰው የሚያለቅስበት ድንኳን እኔ ስገባ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች አንድ ልጅ ሲገባ ወሬ የሚያቋርጡት መቼ እንደሆነ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ወሬው ስለ እሱ ሲሆን ነው። አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ እትዬ፣ የአባቴ እህት፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዛ እማማ ቤት መጣች። ፊቱን ገልጣ «ይኸውልሽ ወንድምሽ» አለችኝ። ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ትንሽ።

ሒሳቡን የሠራሁት እዚያው ቆሜ ነው። ወንድሜ መጥቷል። እማዬ አልመጣችም። ሱቅ ሄዶ ብር የጎደለበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ አባዬም አንድ ጊዜ መታወቂያውን አስይዞ ያውቃል። ብሩ ጎድሎ ነው። ልጁን ለመላክ እሷ መያዣ ሆና ቀርታለች። አንድ ብር ከስሙኒ አልበቃም። ወንድም ግዢልኝ ብዬ የነዘነዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለአንድ ዓመት ያህል ሳንቲም አጠራቀምኩ። መያዣውን ለማስለቀቅ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝማ። ሁለተኛ ክፍል ስገባ አንዲት ልጅ ተጣልታኝ «እናትሽ የሞተች!» ብላ ሰደበችኝ። ያወቅኩት በዚያ ነው። በስድብ። ቤት ስገባ የክብሪት ቀፎውን ከነሳንቲሙ ጉድጓድ ቆፍሬ ከጓሮ ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ለምን እንደማላለቅስ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጠንካራ ልጅ ተባልኩ።

ሆድ ይፍጀው

ለቅሶ የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ይገባኝ ነበር። እኛ ግን እናውቃለን። ጡሩንባው ሳይነጋ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይደርሳል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰው ደረቱን ይመታል፣ ሟችን በስሙ እየጠራ ያወራዋል፣ ሥራውን ያነሳል፣ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ብሎ ይቆጣዋል። አዋቂ የሆነ ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት በር በእኛ ባህል ሰፊ ነው። ይሄንን ሁሉ የሠራ ሕዝብ ልጅን ከድንኳኑ ውጭ ማስቀመጡ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የሚከነክነኝ። ጎረቤት ቤት ብስኩት ተሰጥቶት፣ ከአጥሩ ማዶ እየሰማ።

በክፋት አይደለም። ልጅ ይረሳል ብለው ነው። ልቡ ይሰበራል ብለው ነው። እናቴን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሥቃይ ሊያድኑኝ ነው አፋቸውን የያዙት። ስናድግም የእማዬ ስም ቤታችን ውስጥ አይነሳም ነበር። ከተነሳም አባዬ ተነስቶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ስለ እሷ ጠይቄ ሳለቅስ እትዬ እጄን ይዛ «አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ አባትሽን ታስለቅሽዋለሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አባዬን አላስለቀስኩትም። የሆዴን በሆዴ ያዝኩ።

ወንድሜ ደግሞ ሌላ ነገር ተሸክሞ አደገ። የተወለደባትና እማዬ የሞተችባት ቀን አንድ ናት። በየዓመቱ በዚያች ቀን ቤታችን ድፎ ይደፋል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ብሎ ይበላል። የእሱ ልደት እንደሆነ የሚያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። አምስት ወይም ስድስት ዓመቱ ላይ ንፍሮውን በእፍኙ ይዞ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ ሲያይ ትዝ ይለኛል። ምን እያሰበ ነበር? ያኔ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ይሆን? አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምጠይቅበት አፍ ግን አልነበረኝም።

ልጅ ያልተነገረውን ነገር ባዶ አድርጎ አይተወውም። ራሱ ይሞላዋል። የሚሞላው ደግሞ በሚያውቀው ነገር ነው፤ በሱቅ፣ በደወል፣ በመያዣ፣ በቅጣት። እና ሁልጊዜ የታሪኩ ጥፋተኛ እሱ ራሱ ይሆናል፤ በዓለሙ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቀው ሰው የለምና። እኔ ወንድም በመለመኔ ገደልኳት። እሱ በመወለዱ ገደላት። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተን፣ ያንኑ አንድ ነገር ለየብቻችን ደብቀን አደግን።

ኩሽናው ውስጥ

«አንቺ? አንቺ ምን አድርገሽ?» አለኝ ወንድሜ።

ነገርኩት። የክብሪት ቀፎውን፣ ስሙኒዎቹን፣ የነጠላውን ጫፍ፣ መያዣውን። እያወራሁ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። ሲጀምር ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። ሻዩ ቀዝቅዟል።

«እኔን ለመግዛት?» አለ።

«አንተን ለመግዛት።»

«አንቺ እኮ ሰባት ዓመትሽ ነበር! በምን ጥፋትሽ?»

«አንተ ስንት ሰዓትህ ነበር?»

መልስ አልሰጠኝም። ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተነስቼ ላቅፈው ነበር፤ ግን ተውኩት። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ «አይዞህ፣ በቃ» ሳይባል ያልቅስ ብዬ ነው። ረጅም ጊዜ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ የእኛ ድንኳን ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የዘገየ።

በኋላ ፍርሃቱን አወራኝ። ሚስቱ ስታምጥ ያው ነገር ይደገማል ብሎ ነው። ቁጥር ይረዳው መስሎኝ ያነበብኩትን ነገርኩት። እማዬ በሞተችበት በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለ100,000 በሕይወት ለሚወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። የ2008ቱ ጥናት ላይ 412 ደርሷል። «ከግማሽ በታች ወርዷል» አልኩት።

«412 ቤት ግን አለ» አለኝ።

እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ ጎረቤት የተላከ ልጅ አለ። ስለዚህ ስለ ቁጥር ማውራቱን ትቼ ምን እንደሚፈራ፣ ከምኑ እንደሚጀምር፣ ሌሊት ምን እንደሚያይ ጠየቅኩት። እስኪመሽ አወራን። ያን ቀን እራት በላ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የስድስት ዓመቷ ልጄ የሴት አያቷን ፎቶ እያየች «የት ናት?» አለችኝ። ከዚህ በፊት ሰማይ ቤት ናት፣ አርፋለች እላት ነበር። አሁን ግን አጠገቧ ተቀምጬ «ሞታለች» አልኳት። «ሰውነቷ መሥራት አቆመ። ተመልሳ አትመጣም። የማንም ጥፋት አይደለም።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ይቆረጥማል። እሷ ግን አልተሰበረችም። ትንሽ አሰበችና «ደብረ ብርሃን ነው የተቀበረችው? አይበርዳትም?» አለችኝ። «የሞተ ሰው አይበርደውም» አልኳት። «አንቺስ፣ እሷ ስትሞት በረደሽ?» አለችኝ። በሕይወቴ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ናት። «አዎ፣ በጣም» አልኳት።

የነጠላው ጫፍ

መስከረም ላይ የወንድሜ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ማርያም ማረቻት። ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «እትዬ፣ እማዬ እንዴት እንደሞተች ንገሪኝ» አልኳት። ረከቦቱን ማስተካከል ጀመረች። ይቅርብሽ፣ የድሮ ነገር አለችኝ። እኔም አልኳት፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አሞኛል፣ እትዬ።»

ነገረችኝ። ወንድሜ የተወለደው ሆስፒታል አልነበረም። እዚያው ቤታችን፣ እኔ በተኛሁበት ሌሊት ነው። እንግዴ ልጁ ዘገየ። ደሙ አልቆም አለ። መኪና ተፈልጎ እስኪመጣ ሰዓት ሄደ። «ልጁን አይታዋለች?» አልኳት። «ምን ማየት ብቻ! አቅፋዋለች እንጂ። ቀምተን ነው የወሰድንባት።»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «መኪናው ውስጥ ነጠላዋ በደም ርሶ ስለነበር ላውልቅላት ስል እምቢ አለችኝ። ጫፉን ጨብጣ አልለቅም አለች። ብርድ መስሎኝ ነበር። ስንገንዛት ሳየው ሳንቲም ቋጥራበታለች። ስለቷ ነው አልንና ለሥላሴ ሙዳየ ምጽዋት ጨመርነው።»

«ስንት ነበር?» አልኳት።

«እሱን እንኳ አልቆጠርኩትም።»

«አንድ ብር ከስሙኒ» አልኳት። ሌላውንም ነገርኳት። እትዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሁሉንም፣ እትዬ ባለችው ቃል፣ ነገርኩት። አቅፋሃለች አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልኩ። ከጀርባው የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማኝ። «ቆይ፣ ነቅታለች» አለና ስልኩን ሳይዘጋው ተነሳ። የአልጋው ድምፅ፣ እርምጃው፣ ከዚያ ለቅሶዋ ቀስ በቀስ ሲበርድ ሰማሁ። ሩቅ ሆኖ፣ እኔ መስማቴን ረስቶ ይመስለኛል፣ ያወራታል።

«አያትሽ እኮ» ይላታል፣ «አያትሽ አቅፋኛለች።»